ስልኩን ያነሳው ሰው

አምቦ፣ ጥቅምት 4 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ዘርፈሽ፣ ጌዶ

እንደምን ከርመሻል? እማማስ እግራቸውን ተሻላቸው? እኔ ደህና ነኝ፤ ከደህናም ደህና። መልሱን ያዘገየሁት ረስቼሽ እንዳይመስልሽ። ቢሮ መረከብ እንዲህ ወገብ የሚቆርጥ ነገር መሆኑን የነገረኝ አልነበረም። «የሁሉቃ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የባዮሎጂ ትምህርት ክፍል ኃላፊ» ከሚለው በላይ ስሜን ስፈርም እስካሁን ሌላ ሰው ወክዬ የምፈርም ይመስለኛል።

«ቁልፉን በእጁ ሰጠሽ ወይስ በሰው ላከው?» ላልሽው፣ በእጁ ነው የሰጠኝ። ኦቦ ሌታ ይህን ያህል ዓመት በኃላፊነት የተቀመጠበትን ወንበር መታ መታ አድርጎ፣ «ኃላፊነት ይከብዳል፣ ልጅ ነሽ፣ እንዳይሰብርሽ» አለኝ። ባልደረባችን ጉተማ ቆሞ ነበር፣ ጸሐፊያችን ጂቱም ነበረች። ሁሉም ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። በማግስቱ ያንን ወንበር አስወጥቼ እሱ ወደተዛወረበት ጠባብ ክፍል አስገባሁለት። ከለመደው ነገር ለምን ይለይ?

የመጀመሪያ ሥራዬ የኮርስ ድልድሉን ከፍልውሃ ማውጣት ነበር። መቼም አትረሺውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ወንዶቹ መዋኛው ዳር ፎጣ ለብሰው ማን ምን እንደሚያስተምር ይጨርሱና፣ ሰኞ «እንወያይ» ብለው ይሰበስቡን ነበር። አንቺ በስብሰባ መሀል ተነስተሽ «ታዲያ እኛ ሴቶቹ ዋና እንማር ወይስ ሥራችንን እንሥራ?» ያልሽው ቀን ሌታ ፊቱ እንዴት እንደጠቆረ ትዝ ይለኛል። ያን ጊዜ ገና ረዳት ሆኜ መቀጠሬ ነበር፤ አንገቴን ደፍቼ በልቤ አጨበጨብኩልሽ። አሁን ድልድሉ ማክሰኞ ሻይ ሰዓት ላይ፣ ሁሉም ባለበት፣ በዕጣ ሆኗል። ማንም የማይፈልገው የማለዳው ላቦራቶሪ ለማን ደረሰ መሰለሽ? ዕጣው እውነተኛ ነው፣ እጄን አላስገባሁም። ደስ ግን አለኝ፤ አልዋሽሽም።

ኮሌጁ ደግሞ በሚቀጥለው ወር ለኃላፊዎች ሥልጠና አዘጋጅቷል። መምህራንን ሁሉ ያቀፈ የሥራ ድባብ እንዴት ይፈጠራል የሚል ነው። እዚህ ቤት ይህን ቃል በጆሮዬ እሰማለሁ ብዬ አላስብም ነበር።

መሐላዬን ስለጠየቅሽኝ፣ አላፈረስኩም። ያን ቀን ጌዶ መናኸሪያ ላይ ጥቁር ለብሰሽ ካገኘሁሽ ጀምሮ ስለ አባትሽ ሞት ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ሰው ሁሉ አሁንም የተሻለ ሥራ አግኝተሽ ጥለሽን የሄድሽ ነው የሚመስለው።

አሁን ወንበሩ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። ምን ላድርግልሽ?

እህትሽ ለንሳ


ጌዶ፣ ጥቅምት 19 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለኃላፊዋ ለለንሳ፣ አምቦ

ሰላምሽ ይብዛ። ማዕረግሽን የጻፍኩት አፌን ላስለምደው ብዬ ነው። እማዬ እግሯን ተሽሏታል፤ ምላሷ ግን ድሮም አልታመመም። እኔም ክፍል ሙሉ ተማሪ እያንጫጫሁ አለሁ።

«ምን ላድርግልሽ» የምትይው ለወጉ ከሆነ እዚህ ላይ ማንበብ አቁሚ። የምርሽን ከሆነ ግን ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ፤ መናኸሪያው ላይ የነገርኩሽ ግማሹን ነው።

አባባ ያረፈ ዕለት ቴሌ ሄጄ ኮሌጅ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው ራሱ ሌታ ነው። «አይዞሽ ዘርፈሽ፣ እነግራቸዋለሁ፣ መኪናም እጠይቃለሁ» አለኝ። በዚህ ጆሮዬ ነው የሰማሁት። የክፍላችንን ወግ ታውቂያለሽ፦ ኃላፊው ጂቱን ከቢሮ ቢሮ ያስዞራል፣ ሁሉም ነጠላውን ዘቅዝቆ በአንድ መኪና ይሄዳል። ኃላፊው አፉን ካልከፈተ ግን ሞትም ቢሆን እዚያ ቤት ወሬ ነው፣ የሰማም እንዳልሰማ ይሆናል።

አጎቴ ዱጋሳ «ለኮሌጅ ሰዎች» ብሎ ከድንኳኑ አንዱን ወገን በአግዳሚ ወንበር ሞላው። ሌላ ሰው ሲቀመጥበት ያስነሳ ነበር፤ አንድ ሽማግሌ እንኳ አስነሳ። ምግብ ተለይቶ ተቀመጠ። «ምነው ሰዎችሽ?» ሲሉኝ «መንገድ ላይ ናቸው» አልኩ። በማግስቱ «መኪና ተበላሽቶባቸው ይሆናል» አልኩ። በሠልስቱ ምንም አላልኩም፣ እነሱም መጠየቁን ተዉት። ከሁሉ የከፋው እሱ ነበር። ስንት ዓመት «የኮሌጅ መምህር» እየተባልኩ የኖርኩባት ከተማ ውስጥ አንድ የሚያለቅስልኝ ባልደረባ የሌለኝ ሰው ሆንኩ። የአባቴን ሞት ትቼ በኀፍረት አለቀስኩ። ያንን ነው ይቅር የማልለው።

እና ሥራውን በዚያው ተውኩት። በምን እግሬ እመለሳለሁ? «ለምን አልመጣችሁም» ብዬ ልለምን? ለማንም አትንገሪ ብዬ ያስማልኩሽም ለዚህ ነው። ሰው እንዲያዝንልኝ አልፈልግም።

ደሞዙን ቁረጪበት አልልሽም፣ አባሪውም አልልሽም። እሱን ማንም ያደርገዋል። እናቱ ጎጆ ከተማ ታማ ተኝታለች ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። ዕድሜ ይስጣት፣ በእሷ ቂም የለኝም። ሞት ግን የሁሉም ቤት ይገባል። የዚያን ቀን ስልኩን የምታነሺው አንቺ ነሽ።

ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ዘርፈሽ


አምቦ፣ ኅዳር 20 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ዘርፈሽ

እንደምን ሰነበትሽ? አዎ፣ ሥልጠናው አለቀ። አይ፣ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ የወሰደው የሒሳቡን ኃላፊ ነው፣ ያውም በግልጽ እያንኮራፋ።

አሠልጣኟ ከአዲስ አበባ የመጣች ቀጭን ሴትዮ ናት፣ ድምጿ ዝግ ያለ። ትጮህብናለች ብለን ስንጠብቅ ጥያቄ ብቻ ትጠይቅ ነበር። «በክፍላችሁ ሳቅ ሲፈነዳ ከማን ጋር ነው የማትስቁት?» «ስብሰባ ከመጀመሩ በፊት ስብሰባው የት ነው የሚያልቀው?» እዚህ ላይ እኔ መዋኛውን ነገርኳቸው። አዳራሹ ሳቀ። የሕጉ ኃላፊ ብቻ አልሳቀም፤ እሱም ከጎናቸው ይዋኝ እንደነበር ኋላ ሰማሁ።

ከዚያ፣ «በክፍላችሁ ወሬ መጨረሻ የሚደርሰው ለማን ነው?» አለች። በተራ እንመልስ ነበርና እኔ ጋ ሲደርስ፣ «ድሮ ለሴቶቹ፣ አሁን ለቀድሞው ኃላፊ» አልኩ። ሰው በሳቅ ፈረሰ። እሷ ግን አየችኝና «እንግዲህ ወንበሮቹን አዟዟርሽ እንጂ ክፍሉን አልለወጥሽውም» አለችኝ። ተናደድኩባት፤ ምን ታውቃለች አልኩ። እሷ ድንኳን ውስጥ አልተቀመጠችም።

ሥራው ግን ጥሩ ነው፣ ይህን ስሚልኝ። ናኦሚ የምትባል አዲስ መምህርት አለችን፣ የምታጠባው ልጅ አላት። ሌታ ማታ ማታ መድቧት፣ ስታለቅስበት «ይሄ መዋዕለ ሕፃናት አይደለም» ብሏት ነበር። አሁን ልጇ ከእሷ ጋር ይመጣል፣ ሻይ ሰዓት ላይ ከእጅ እጅ ይዞራል። ጉተማ ሳይቀር እያስገሳው ሸሚዙን አስበላሽቷል። ክፍሉ ሰው የሚኖርበት ሆነ። ሌታ ብቻ ብርጭቆውን ይዞ መስኮቱ ጋ ይቆማል። ማንም አልከለከለውም፤ ማንም ና አላለውም እንጂ።

እማማ ስለ ጊንጪው ጤፍ ያሉትን እናቴ ታዝዛለች፣ በመጪው ገበያ ትልካለች።

የደብዳቤሽን መጨረሻ አንብቤዋለሁ። መልስ አልሰጥበትም፣ አትጠይቂኝ።

ለንሳ


አምቦ፣ ጥር 25 ቀን 1996 ዓ.ም.

እትዬ ዘርፈሽ

አትጠይቂኝ ብዬሽ ስንት ጊዜ ጠየቅሽኝ። ባለፈው የላክሽው እንዲያውም ሰላምታም አልነበረው።

ትናንት ስልኩ ጠራ። ያነሳሁት እኔ ነኝ።

ሌታ ከሳምንት በፊት እናቱ ስለጠናባቸው ፈቃድ ወስዶ ጎጆ ወጥቶ ነበር። ከዚያው ነው የደወለው። ድምፁን አላወቅሁትም፣ የልጅ ድምፅ ሆኗል። «ለንሳ፣ እናቴ አረፈች፤ ለክፍላችን ልጆች ንገሪልኝ» አለኝ። «አይዞዎት፣ እነግራቸዋለሁ፣ መኪናም እጠይቃለሁ» አልኩት። ከየት እንዳመጣሁት ታውቂያለሽ። አስቤም አይደለም፤ ቃሉ ራሱ መጣልኝ።

ጂቱ «ማነው?» አለችኝ። «የተሳሳተ ቁጥር ነው» አልኳት። ከዚያ ተነስቼ ክፍል ገባሁ፣ አስተማርኩ፣ ወጣሁ፣ ሻይ ጠጣሁ። ናኦሚ «ዛሬ ምን አገኘሽ፣ ፊትሽ በርቷል» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ በርቶ ነበር። የበቀል ነገር እንዲህ ይጣፍጣል ብሎ የነገረኝ የለም። እስከ ምሳ ድረስ ጣፈጠኝ።

ዛሬ ቀብር ነው፣ ሐሙስ ሠልስት። እዚህ የሚያውቅ የለም። ሁሉም ፈተና እያረመ ነው። ይህን በነቀምቴው አውቶቡስ እልክልሻለሁ፣ ነገ ይደርስሻል።

እንግዲህ የፈለግሽው ሆነልሽ። ደግ አደረግሽ በይኝ፤ እባክሽ ቶሎ በይኝ፣ ምክንያቱም ከምሳ በኋላ ያለውን እንዴት እንደምይዘው አላወቅሁም።

ለንሳ


አምቦ መናኸሪያ፣ ጥር 28 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለንሳ

ይህን ሻይ ቤት ተቀምጬ ነው የምጽፈው። የጌዶ መኪና እስኪሞላ ጊዜ አለኝ። ወደ አንቺ አልመጣም፤ ካየሁሽ እጮህብሻለሁ ወይም አቅፍሻለሁ፣ ሁለቱንም አልፈልግም። ለኮሌጁ ዘበኛ ሰጥቼልሽ እሄዳለሁ።

ጎጆ ሄጄ ነበር። አዎ፣ እኔ። ደብዳቤሽ ረቡዕ ሲደርሰኝ እልል ማለት ቀረኝ። ከዚያ አልበቃኝም። መስማት ምን ያደርጋል፣ በዓይኔ ማየት አለብኝ አልኩ። ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ተሳፍሬ ጊንጪ ወረድኩ፤ ከጊንጪ ሽቅብ አይሱዙ ላይ፣ ከድንች ጆንያ ጋር። ብርዱ አጥንቴ ገባ። መንገዱን ሁሉ የምለውን ሳጠና ነበር፤ «አሁን አወቅከው?» ልለው ነበር። አንተ ብዬ፣ እርስዎ ሳልለው።

ድንኳኑ ትልቅ ነው። የጄልዱ ወረዳ ሰው ሁሉ መጥቷል፣ ፈረሶች በጥዶቹ ሥር ታስረዋል። በአንድ ወገን ደግሞ ለብቻው አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል፣ ባዶውን። እንዳየሁት አወቅሁት።

ሌታ ከፍራሹ ተነስቶ መጣ። ፀጉሩን ተላጭቷል፣ አርጅቷል። አየኝና «ገባኝ» አለኝ በኦሮምኛ። ሌላ አልጨመረም። ከዚያ እጄን ይዞ ወደዚያ ባዶ ወንበር ወሰደኝና ለዘመዶቹ ከፍ ባለ ድምፅ፣ «የኮሌጅ ሰዎቼ መጥተዋል» አላቸው። ሰዎቼ አለ፣ ለእኔ ለአንዷ። ሰዉ እየተነሳ ሊያመሰግነኝ ተሰለፈ። ለሃያ ሰው በተዘጋጀ ወንበር ላይ ብቻዬን ተቀመጥኩ። አንዲት እህቱ፣ ዓይኗ ያበጠ፣ ጎንበስ ብላ «የቀሩትስ?» አለችኝ።

ለንሳ፣ «አይመጡም» ልላት እችል ነበር። ለዚያ ነበር የሄድኩት። «መንገድ ላይ ናቸው፣ ቅዳሜ ይደርሳሉ» አልኳት። ለምን እንዳልኩ አትጠይቂኝ። ሌታን ይቅር አላልኩትም፣ ይህን ልቦናሽ ውስጥ ጻፊው። ግን ያንን ጥያቄ ያቺ ሴት ስትጠይቅ አይቼ በዝምታ የምቀመጥ ሰው መሆን አቃተኝ።

አሁን ቃሌ እዚያ ተራራ ላይ ተሰጥቷል። ዛሬ ዓርብ ነው። ነገ ይዘሻቸው ትሄጃለሽ። ለእሱ ብለሽ አይደለም፣ እኔን ውሸታም እንዳታደርጊኝ ነው።

ዘርፈሽ


አምቦ፣ የካቲት 9 ቀን 1996 ዓ.ም.

እትዬ ዘርፈሽ

ሄድን። ውሸታም አልሆንሽም። «ምን አለ?» ብለሽ እንደምትጠይቂ ስለማውቅ ሳትጠይቂኝ ልንገርሽ፤ ከነገርኩሽ በኋላ ግን አትሳቂብኝ።

ዓርብ ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ ጂቱን አዞርኳት። መኪና ውስጥ ጉተማ «መቼ ነው ያረፉት? መቼ ሰማሽ?» አለኝ። በመስኮት ወደ ውጭ እያየሁ አልሰማሁ መሰልኩ። ድንኳኑ ደርሰን እንደተቀመጥን ይኸው ጉተማ ሌታን ፊት ለፊት፣ «ምነው ጋሼ፣ ሳይነግሩን?» አለው። ሁሉም አየኝ። አሁን አለቀልኝ አልኩ።

ሌታ እኔን አየት አድርጎ፣ «ለንሳ ምን ታድርግ፣ እኔ ነኝ አትንገሪያቸው ያልኳት። ፈተና ላይ ናችሁ፣ ሥራ እንዳይበደል ብዬ ነው» አለ። ሰዎቻችን ዓይናቸው እንባ ሞላ። እንዲህ ያለ ሰው፣ በሐዘኑ መሀል ለሥራ የሚያስብ። ናኦሚ እንኳ፣ ያቺ የመዋዕለ ሕፃናቷ ናኦሚ፣ እጁን ይዛ አለቀሰች።

ሊሸኘን ወደ መኪናው ሲመጣ ከእኔ ጎን ሆኖ፣ ሰው እንዳይሰማ ዝቅ አድርጎ፣ «በቃ እንግዲህ፣ እኩል ሆነናል» አለኝ።

ከማን ጋር ነው እኩል የሆነው? የበደለው አንቺን፣ የታረቀው ከእኔ ጋር። እንዲህ ያለ ንዴት ተናድጄ አላውቅም። ግን እኔም ያንኑ አድርጌያለሁ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሁሉ ተገልብጧል። ሻይ ሰዓት ላይ መስኮቱ ጋ የሚቆም የለም፤ እሱን ከበው ይቀመጣሉ። ወንዶቹ «እናጽናናው» ብለው ቅዳሜ መዋኛው ወሰዱት፣ የሚቀጥለውም ቅዳሜ እንደዚያው ነው አሉ። የሚቀጥለው መንፈቅ ድልድል እዚያ መነሳቱን ጂቱ ነግራኛለች። ልቃወም አፌን ስከፍት ያየኛል፣ አፌን እዘጋለሁ። ስልኩን እሱ ያውቃል፣ እኔ አውቃለሁ። እንዲህ ሆኜ ምን ኃላፊ እባላለሁ?

ለንሳ


ጌዶ፣ የካቲት 13 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለንሳ

አልሳቅሁም።

«ዝም ልበል ወይ?» ብለሽ ደብዳቤው ውስጥ ካስገባሽው ብጣሽ ወረቀት በላይ ደሜን ያፈላው የለም። ዝም ካልሽማ ያ ሰውዬ ሁለት ጊዜ ቀበረኝ ማለት ነው። የእኔን ለቅሶ በአንቺ ሊያወራርድ? እኔ በሕይወት አለሁ እኮ። ከእኔ ጋር እኩል መሆን ከፈለገ አድራሻዬን ያውቃል።

ከመሐላሽ ፈትቼሻለሁ። ማክሰኞ ሻይ ሰዓት ላይ፣ እሱ በተቀመጠበት ንገሪያቸው። የአንቺን ስልክ አስቀድሚ፣ የእሱን አስከትይ። የእሱን ብቻ ከነገርሽ ተራ ወሬኛ ትሆኛለሽ፣ እሱም በዚያው ያመልጣል። ወንበሩን ልታጪበት ትችያለሽ። ወንበር አጥቶ መኖር ይቻላል፣ እኔን እይኝ። በውሸት ተጠፍሮ ወንበር ላይ መቀመጥ ግን እንዴት እንደሚሆን ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም።

እኔ አንቺን ወደዚህ ገፍቼሻለሁ፣ ያንን አልክድም። ግን እጅሽን ይዤ ስልኩ ላይ አላስቀመጥኩትም።

ዘርፈሽ


አምቦ፣ የካቲት 18 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ዘርፈሽ፣ ጌዶ

እንደምን አለሽልኝ?

ነገርኳቸው። ሁሉም በነበሩበት፣ ልጁም በጉተማ ጭን ላይ በነበረበት። «ኦቦ ሌታ አትንገሪ አላሉኝም። ደወሉልኝ፣ እነግራቸዋለሁ አልኩ፣ አልነገርኳችሁም፤ ሆን ብዬ ነው» አልኩ። ከዚያ ለምን እንደሆነ ነገርኳቸው። የአባባን ሞት፣ ያንቺን ስልክ፣ ዱጋሳ የደረደረውን ወንበር። ሻዩ በየእጃቸው ቀዘቀዘ።

ለካ ያንቺን ሐዘን አንዳቸውም አያውቁም ነበር። ጉተማ ብቻ ገበያ ላይ የሆነ ነገር ሰምቶ ኖሯል። «ኃላፊው ካላለ ወሬ ነው ብዬ ተውኩት፤ ኋላ ደግሞ ለመጠየቅ አፈርኩ» ብሎ እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ። ጂቱ ተነስታ ወጣች፤ በሩ ጀርባ ስታለቅስ ሰማናት። በምን ቀን መዞር ሲገባት እንዳልዞረች አሁን ነው ያወቀችው።

ሌታ «ፈተና ነበር፣ የሚኒስቴር ሰዎችም እየመጡ ነበር» አለ። ብርጭቆውን አስቀመጠና «ከዚያ ስብሰባ ጀምሮ ተናድጄባትም ነበር» አለ። ይህን ራሱ ነው የጨመረው። ማንም አላስገደደውም።

ለእኔም አልራሩልኝም። ናኦሚ ልጇን ከጉተማ ተቀብላ፣ «እኔ እናቴ ስትሞት የምደውለው አንቺ ጋ ነው። ያን ቀን ከእኔ ጋር ተጣልተሽ ብትሆኚስ?» አለችኝ። ኃላፊነቱን ልልቀቅ አልኳቸው። «እሱን ኋላ እናየዋለን» አሉ፤ ማለታቸው መልቀቄ አይቀርም ነው። እንዲህ ግን ተስማሙ፦ የለቅሶ ስልክ ከእንግዲህ ጂቱ ጋ ይገባል፣ እሷም የሰማች ዕለት ኃላፊን ሳትጠይቅ ለሁሉም ትናገራለች። ይህን ያቀረበው ጉተማ ነው። አሠልጣኟ ብትሰማው የምትወደው ይመስለኛል። እኔ ግን በሌለሁበት ቢወሰን ይሻለኝ ነበር፣ ምክንያቱም ሁሉም እኔን እያዩ ነው እጃቸውን ያወጡት።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሁሉም ቅዳሜ፣ የካቲት 27፣ ጌዶ ይመጣሉ። ለአባባ። ዓመቱ አልፏል፣ ድንኳኑ ከፈረሰ ቆይቷል ብዬ ነበር። «እኛ የሰማነው ማክሰኞ ነው፤ ለእኛ ትናንት የሞቱ ያህል ነው» አሉኝ። መኪናው ተጠይቋል።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ሌታ ትናንት ቢሮዬ መጥቶ፣ በሩ ላይ ቆሞ፣ «እኔም ልሳፈር?» አለኝ። እምቢ ልለው ፈልጌ ነበር፣ አልዋሽሽም፤ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ለቅሶው የእኔ አይደለም። ቦታ አለው ወይስ የለውም፣ አንቺ በይ።

ለንሳ


ጌዶ፣ የካቲት 22 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለለንሳ፣ ከነሰዎችሽ

ደብዳቤሽን ለእማዬ አነበብኩላት፤ ስለ ሌታ ያለውን ዘልዬ። እስከዛሬ የሚመስላት እኔ እዚያ ሰው አስቀይሜ ኖሬ ነው ማንም ያልመጣልኝ። አንድም ቀን በአፏ አላለችውም፣ ግን እናውቀዋለን፣ እሷም እኔም። እንደምትመጡ ስነግራት ነጠላዋን ከሣጥን አውጥታ ፀሐይ ላይ ሰቀለችው።

ድንኳን አንጥልም። ቤቱ ይበቃናል፣ ወንበር ከጎረቤት እንለምናለን። እዝን ምናምን ይዛችሁ እንዳትቸገሩ። ናኦሚ ልጇን ትያዘው፣ እማዬ ሕፃን ትወዳለች።

ሌታም ይምጣ። ቦታ አለው።

ግን ከማንኛችሁም በፊት እሱ ይገባል። እማዬ ፊት ይቆምና ያን ቀን ስልኩን ማን እንዳነሳው፣ ምን ብሎ እንደመለሰልኝ፣ ከዚያም ምን እንዳደረገ በራሱ አፍ ይነግራታል። በኦሮምኛ ይንገራት፣ እንዳይድበሰበስባት። እኔ አልነግርለትም፣ አንቺም አትንገሪለት። እሷ ተቀመጥ ካለችው ይቀመጣል። ካላለችው ወጥቶ መኪና ውስጥ ይጠብቃችሁ፤ ምሳውን እልክለታለሁ።

ዘርፈሽ